ኮሌስትሮልን ዝቅ የሚያደርገው መርፌ ለማን ይገባል?

የፋሲካ በዓል ካለፈ በኋላ በአንዳንድ ቤት የሚሰማ ጭውውት አለ። አባት ደሙን አስመርምሮ ይመለስና «ኮሌስትሮል በዝቷል አሉኝ» ብሎ ለባለቤቱ ይነግራታል። እርስዋም ተገርማ፣ «ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ጾመው፣ ረቡዕንና ዓርብን ሳያፈርሱ ኖረው፣ ይህ ስብ ከወዴት መጣ?» ትላለች። በውጭ አገር የሚኖረው ልጅ ነገሩን በስልክ ሲሰማ፣ «አባባ፣ አይስጉ፤ አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጉት መርፌ ወጥቷል፤ እርሱን ገዝቼ እልክልዎታለሁ» ይላል። ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ደግሞ፣ «እኔ እንኳ ክኒኑን ጀምሬ ነበር፤ እግሬን ቢያመኝ ተውሁት፤ ይኸው ምንም አልሆንሁም» ብሎ ምክሩን ይለግሳል።

ከነዚህ ሰዎች በአንዳቸውም ቃል ክፋት የለም፤ ሁሉም የተናገሩት በፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ከእውነቱ የያዙት ገሚሱን ስለ ሆነ፣ አባት የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ ቢሄድ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጾም ምን ያህል እንደሚረዳ፣ ክኒኑ ምን እንደሚሠራ፣ መርፌውስ ለማን እንደሚገባ በቤተ ሰብ መካከል በእርጋታ ተመርምሮ ሊታወቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይረዳልን።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል ስብ መሰል ነገር ነው። ስሙ ከበሽታ ጋር ስለሚነሣ ብዙ ሰው እንደ መርዝ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ሰው ሊኖር አይችልም። የሰውነታችን ሕዋሳት ግድግዳቸውን የሚሠሩት በእርሱ ጭምር ነው፤ ሐሞትም፣ ቫይታሚን ዲም፣ ልዩ ልዩ ሆርሞኖችም ከእርሱ ይዘጋጃሉ። ከዚህም በላይ የሚበዛው ኮሌስትሮል ከምንበላው ምግብ የሚመጣ ሳይሆን ሰውነታችን ራሱ፣ በተለይም ጉበታችን፣ የሚሠራው ነው። ቅቤ በአፉ ያልዞረ ሰው ኮሌስትሮሉ ከፍ ሊል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስብ በውኃ እንደማይሟሟ ሁሉ በደምም አይሟሟም። ስለዚህ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው በልዩ ልዩ ተሸካሚዎች ተጭኖ ነው። ከነዚህ ተሸካሚዎች ዋናውና ለጉዳት ምክንያት የሚሆነው ኤል ዲ ኤል ይባላል። የኤል ዲ ኤል ብዛት ከልክ ሲያልፍ ከልብ የሚወጣውን ደም ወደ አካላት በሚያደርሱት ደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ቀስ በቀስ እየገባ ይከማቻል፤ ግድግዳውም ይቈጣል፣ ያብጣል፣ ይደድራል። ይህ ነገር ዐሥርና ሃያ ዓመት ሲቀጥል ባለቤቱ ምንም ሕመም አይሰማውም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ያ የተከማቸው ስብ ይሰነጠቅና ደም በላዩ ይረጋበታል፤ መንገዱም ይዘጋል። ይህ በልብ ላይ ቢደርስ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ላይ ቢደርስ ስትሮክ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው በዓለም ላይ ከማናቸውም በሽታ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሞተው በልብና በደም ሥር ሕመም ነው፤ ከሟቾቹም የሚበዙት ድኾችና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የጎረቤታችን «ምንም አልሆንሁም» ማለት እንግዲህ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ በሽታው ራሱ በዝምታ የሚሠራ ነውና።

ከወላጅ የሚወረሰው ኮሌስትሮል

ከምግብና ከኑሮ የተነሣ ኮሌስትሮላቸው በመጠኑ ከፍ የሚልባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከነዚህ ልዩ የሆኑ ደግሞ አሉ፤ እነርሱም በውርስ ምክንያት ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ደማቸው በኤል ዲ ኤል የተሞላ ነው። ይህ ዓይነት ውርስ ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች በአንዱ ላይ እንደሚገኝ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ከወላጆቹ አንዱ ይህ ውርስ ያለበት ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ሕክምና ያላገኙ ወንዶች ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት ሳይሞላቸው የልብ ደም ሥር ሕመም ያገኛቸዋል፤ ከሴቶቹም ሢሶ ያህሉ 60 ዓመት ሳይሞላቸው ይታመማሉ። ከአባትም ከእናትም በአንድነት የወረሰ ልጅ እጅግ ጥቂት ነው፤ እርሱ ግን ገና በልጅነቱ ልቡን ሊታመም ይችላል።

የዚህን ነገር ምሥጢር የፈቱት በአሜሪካ በዳላስ ከተማ የሚሠሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው። እነዚህ ሁለት ሐኪሞች በ1970ዎቹ ዓመታት ባደረጉት ምርምር፣ በሕዋሳት ላይ ኤል ዲ ኤልን ከደም እየያዙ ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ተቀባዮች እንዳሉ፣ በሽታውን በወረሱት ሰዎች ላይ ግን እነዚህ ተቀባዮች እንደሚያንሱ ወይም ፈጽሞ እንደማይገኙ አረጋገጡ። ስለዚህም ሥራቸው በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከነርሱ በኋላ የመጣው መድኀኒት አብዛኛው፣ ክኒኑም መርፌውም፣ የሚሠራው በጉበት ላይ ያሉትን እነዚህን ተቀባዮች በማብዛት ነው።

ጾማችን ምን ያህል ይረዳል?

የእመቤቲቱ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቍላል የተለዩበት ማዕድ በእርግጥ ኮሌስትሮልን ይቀንሳል። ይህም በግምት የተነገረ ብቻ አይደለም። በግሪክ አገር በቀርጤስ ደሴት የሚኖሩ 60 ጾመኛ ኦርቶዶክሳውያን ከማይጾሙ 60 ሰዎች ጋር እየተነጻጸሩ ለአንድ ዓመት ተመርምረው ነበር። በ2003 እንደ ታተመው ውጤት፣ በጾሙ ወራት ፍጻሜ የጾመኞቹ ኤል ዲ ኤል ከማይጾሙት 16 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ወደ ፍስክ ምግብ ሲመለሱ ግን ከተገኘው ጥቅም ከፊሉ ተመልሶ ይጠፋል።

16 በመቶ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በውርስ ኤል ዲ ኤሉ 260 ሚሊግራም በዴሲሊትር የደረሰ ሰው አለ እንበል። በጾም 16 በመቶ ቢቀነስለት ወደ 218 ይወርዳል፤ ይህም ገና እጅግ ከፍተኛ ነው። አንድ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያገኘው ሰው፣ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች በ2019 ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ኤል ዲ ኤሉ ከ55 በታች እንዲሆንለት ይፈለጋል። ከ218 እስከ 55 ያለውን መንገድ ጾም ብቻውን ሊያደርስ አይችልም። ስለዚህ ይህ ሰው ኮሌስትሮሉ ከፍ ማለቱ ጾሙን ባለመጾሙ ነው ተብሎ ሊወቀስ አይገባም፤ ጾምም የታዘዘበት ምክንያት ሌላ ስለ ሆነ፣ በመድኀኒት ምትክ አስገብቶ እርሱን መፈተን አይገባም።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የዘንባባ ዘይት ከእንስሳ የማይገኝ ስለ ሆነ በጾም ይበላል፤ ኮሌስትሮልም የለበትም። ሆኖም ግማሽ ያህሉ ኤል ዲ ኤልን ከፍ የሚያደርግ የስብ ዓይነት ነው። ስለዚህ የጾም ወጥና ጥብስ በርሱ ሲጥለቀለቅ ጾሙ ለደም ሥር የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት ይሻላሉ። ሁለተኛው፣ ደሙን በጾም ወራት የሚያስመረምር ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገረው፤ በጾሙ ፍጻሜና በበዓለ ሃምሳ የሚገኙት ቍጥሮች አንድ ላይሆኑ ይችላሉና።

ከመርፌ በፊት የሚመጣው ክኒን

መርፌውን ለማወቅ አስቀድሞ ክኒኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አኪራ ኤንዶ የተባለው የጃፓን ሊቅ በሺሕ የሚቈጠሩ የሻጋታ ዓይነቶችን ሲመረምር ቈይቶ፣ በ1973 ከአንዱ ሻጋታ ጉበት ኮሌስትሮልን እንዳይሠራ የሚያግድ ነገር አገኘ። ስታቲን የሚባሉት ክኒኖች ሁሉ ከዚህ ግኝት የመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያውም በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ1994 በስካንዲኔቪያ አገሮች የልብ ሕመም ባለባቸው 4444 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ክኒኑን የወሰዱት ሰዎች ሞት ካልወሰዱት በ30 በመቶ ያነሰ መሆኑን ገለጸ። ስታቲን በበቂ መጠን ሲወሰድ ኤል ዲ ኤልን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ዋጋውም ቀላል ነው።

ብዙ ሰዎች የሚተዉት ጡንቻን ያማል በማለት ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ በእርግጥ ይህ ይደርሳል። ነገር ግን በ2022 የታተመው የብዙ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው፣ ክኒኑን ከሚወስዱት መካከል ከተሰማው የጡንቻ ሕመም ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ምክንያቱ ክኒኑ አይደለም። ጡንቻው የሚያመው ሰው በገዛ እጁ ከመተው ይልቅ ለሐኪሙ ቢነግር፣ መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ዓይነቱ ይለወጥለታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰውም መድኀኒቱን ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ ስታቲን በማታ ሊወሰድ የሚችል ስለ ሆነ ከሐኪሙ ጋር ሰዓቱን ይወስን።

የስታቲን መጠን በእጥፍ ቢጨመር ግን ኤል ዲ ኤል ከነበረበት የሚቀንሰው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቍጥሩ አልወርድ ሲል ኢዜቲማይብ የሚባል ሌላ ክኒን ይጨመራል፤ እርሱም ከምግብና ከሐሞት የሚመጣው ኮሌስትሮል በአንጀት በኩል እንዳይገባ ያግዳል፤ ከቀረውም 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳይበቃ ሲቀር፣ ያን ጊዜ የመርፌው ነገር ይነሣል።

የመርፌው አመጣጥ

የመርፌው ታሪክ የተጀመረው ከመድኀኒት ቤት ሳይሆን ከቤተ ሰብ ትውልድ ቈጠራ ነው። በ2003 በፓሪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ከነርሱም ካትሪን ቧሎና ማሪያን አቢፋደል፣ ኮሌስትሮል በውርስ የሚበዛባቸውን የፈረንሳይ ቤተ ሰቦች ሲመረምሩ፣ ጥፋቱ ከዚያ በፊት በታወቁት ዘረ መሎች ላይ ሳይሆን በሌላ ላይ መሆኑን አገኙ። ይህም ዘረ መል ፒ ሲ ኤስ ኬ 9 የሚባለውን ፕሮቲን የሚያዝዝ ነው። ፕሮቲኑን በካናዳ በሞንትሪያል የሚሠራው ናቢል ሰይዳህ ከባልደረቦቹ ጋር ጥቂት ቀደም ብሎ ደርሶበት ነበር።

የፕሮቲኑ ሥራ ይህ ነው። በጉበት ሕዋስ ላይ ያለው ተቀባይ እንደ ትጉህ ወዛደር ነው፤ ኤል ዲ ኤልን ከደም ይሸከማል፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ሸክሙን ያራግፋል፣ ሌላ ለመሸከም እንደ ገና ወደ በሩ ይመለሳል። ፒ ሲ ኤስ ኬ 9 ግን ከወዛደሩ ጋር ይጣበቅና እንዳይመለስ ያደርገዋል፤ ወዛደሩም ከሸክሙ ጋር በውስጥ ይጠፋል። ፕሮቲኑ ሲበዛ ወዛደሮቹ ያንሳሉ፣ በደም ውስጥ የሚቀረውም ኤል ዲ ኤል ይበዛል። ስታቲንም ወዛደሮቹን ሲያበዛ ይህንን ፕሮቲን አብሮ ያበዛዋል፤ መጠኑን በእጥፍ መጨመር ብዙ የማይጠቅመው ከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ በዳላስ የሚሠሩት ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ነገሩን ገልብጠው ጠየቁ፤ «የዚህ ፕሮቲን መብዛት ኮሌስትሮልን ካበዛ፣ የፕሮቲኑ ማነስ የሚያሳንስባቸው ሰዎች ይኖሩ ይሆን?» አሉ። ፈልገውም አገኙ። በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ጥቁር አሜሪካውያን ከ100 ሁለት ወይም ሦስት የሚሆኑት ይህን ፕሮቲን የሚያሳንስ ለውጥ በተፈጥሮ ነበረባቸው። ኤል ዲ ኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በ15 ዓመት ክትትል ውስጥ በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዛቸው ነገር በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። 28 በመቶ መቀነስ ይህን ያህል የጠቀመው ዝቅታው ከልደት ጀምሮ ስለ ነበረ ነው። ከዚያም ከሁለቱም ወላጆችዋ ለውጡን የወረሰች አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ተገኘች፤ ኤል ዲ ኤልዋ 14 ብቻ ነበር፤ እርስዋ ግን ፍጹም ጤነኛ ነበረች። በ2007 ደግሞ አንዲት የዚምባብዌ ተወላጅ በ15 ቍጥር እንዲሁ ጤነኛ ሆና ተገኘች። ፕሮቲኑን ቢያግዱት ሰው አይጐዳም የሚለው ተስፋ የጸናው ከአፍሪካ ዘር በሆኑ በነዚህ ሰዎች ደም ነው።

የመርፌዎቹ ዓይነት

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ዋናዎቹ መርፌዎች ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ወገን አሊሮኩማብና ኢቮሎኩማብ ናቸው፤ የንግድ ስማቸው ፕራሉወንትና ሬፓታ ይባላል። ሁለቱም በ2015 በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈቀዱ። እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው፤ በደም ውስጥ የሚዞረውን ፒ ሲ ኤስ ኬ 9 ይዘው ሥራውን ያግዱታል። ፕሮቲን ስለ ሆኑ ቢዋጡ ሆድ እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጫቸዋል፤ በመርፌ የሚሰጡትም ስለዚህ ነው። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ወይም መጠናቸው ተጨምሮ በወር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር፣ በሆድ፣ በጭን ወይም በላይኛው ክንድ ይወጋሉ። ሕመምተኛው ከተማረ በኋላ በቤቱ ራሱን ሊወጋ ይችላል። በስታቲን ላይ ሲጨመሩ ከቀረው ኤል ዲ ኤል 60 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ።

ሁለተኛው ወገን ኢንክሊሲራን ነው፤ የንግድ ስሙ ሌቅቪዮ ይባላል። በአውሮፓ በ2020፣ በአሜሪካ በ2021 ተፈቀደ። ይህ መድኀኒት ፕሮቲኑ ከተሠራ በኋላ አያሳድደውም፤ ወደ ጉበት ሕዋስ ይገባና ፕሮቲኑን ሥሩ የሚለውን የትእዛዝ ወረቀት ሳይነበብ ይቀደዋል። መሠረቱ አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ በ1998 ያሳተሙት ግኝት ነው፤ ሁለቱም በ2006 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የመጀመሪያው መርፌ ከተወጋ ከሦስት ወር በኋላ ሁለተኛው ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ ነው። ኤል ዲ ኤልን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በሐኪም ወይም በነርስ እጅም ይሰጣል። ልጁ በስልክ የተናገረለት መርፌ ይህ ነው።

ከነዚህ ሌላ ኢቪናኩማብ የሚባል በ2021 የተፈቀደ መድኀኒት አለ፤ እርሱም ከሁለቱም ወላጆች ለወረሱ ሕመምተኞች በወር አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነው። እነዚህ ተቀባይ ስለሌላቸው ወይም ስለሚያንሳቸው ሌሎቹ መድኀኒቶች ብዙ አይረዷቸውም፤ ኢቪናኩማብ ግን በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ይጠቅማቸዋል። ለስኳር ሕመም ወይም ለውፍረት የሚወጉት መርፌዎች ከነዚህ ልዩ መሆናቸውንም አንባቢ ይለይልን።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው?

ቍጥር መውረዱ ብቻውን አያስደስትም፤ የሚያስደስተው ሰው ከሕመም መዳኑ ነው። ኢቮሎኩማብ የልብና የደም ሥር ሕመም ባለባቸውና ስታቲን በሚወስዱ 27,564 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2017 ታተመ። የሕመምተኞቹ ኤል ዲ ኤል ከ92 ወደ 30 ወረደ። ከሁለት ዓመት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና ይህን የመሰለው አደጋ መርፌውን ካልተወጉት ከ1000 ሰዎች በ113 ላይ ሲደርስ፣ ከተወጉት በ98 ላይ ደረሰ። አሊሮኩማብም በ18,924 ሰዎች ላይ ተፈትኖ በ2018 ተመሳሳይ ውጤት አሳየ።

ይህ ማለት ከ1000 ሕመምተኞች 15 ያህሉ ከአደጋ ተረፉ ማለት ነው። ቍጥሩን የሚያጋንን ነጋዴም፣ የሚያናንቅ ሰነፍም ሊኖር ይችላል፤ እኛ ግን እንዳለ እንየው። ከዚህ ቀደም ልቡን ለታመመ ወይም በውርስ ደሙ ለተሞላ ሰው ጥቅሙ ታላቅ ነው። ጤነኛ ለሆነና ቍጥሩ በጥቂቱ ከፍ ላለበት ሰው ግን ምግቡን ማስተካከል፣ መመላለስ፣ ትንባሆ መተው፣ ቢያስፈልግም ክኒኑ ይበቃዋል፤ መርፌውን መሻት አያስፈልገውም።

ጉዳቱና ጥንቃቄው

እስከ ዛሬ እንደ ታየው የመርፌዎቹ ጉዳት ጥቂት ነው። በተወጋው ስፍራ መቅላት፣ ማበጥ ወይም ማሳከክ ይደርሳል፤ አንዳንዶችም እንደ ጉንፋን ያለ ይሰማቸዋል። አልፎ አልፎ ፊትን የሚያሳብጥ ወይም ትንፋሽን የሚያስጨንቅ አለርጂ ሊነሣ ስለሚችል፣ ይህ የታየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። «ኮሌስትሮል እጅግ ሲወርድ የማስታወስ ኀይል ይጠፋል» የሚል ሥጋት ተነሥቶ ነበር፤ ይህ በኢቮሎኩማብ ላይ ተለይቶ ተጠንቶ በ2017 ሲታተም፣ በተወጉትና ባልተወጉት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ያረገዘች፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ እናት ከሐኪምዋ ጋር ሳትመካከር እነዚህን መድኀኒቶች አትውሰድ።

ዋጋውን በሚመለከት፣ ፀረ እንግዳ አካላቱ በ2015 በአሜሪካ ሲወጡ የአንድ ዓመቱ ከ14,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በኋላ ወደ 5,850 ዶላር ያህል ወርዶ ነበር። ይህ ለአብዛኛው ቤተ ሰብ የማይቻል ነው። በሌላ በኩል በእንግሊዝ አገር ኢንክሊሲራን ከ2021 ጀምሮ በመንግሥት የጤና አገልግሎት በኩል ለሚገባቸው ሕመምተኞች ይሰጣል። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች እንግዲህ በምትኖሩበት አገር ያለውን መብትና የመድን ዋስትና መጠየቅ ይገባችኋል።

መድኀኒቱን ለወላጆቹ ሊልክ የሚያስብ ልጅ አስቀድሞ ሦስት ነገር ያስብ። አንደኛ፣ ፀረ እንግዳ አካላቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ የሚቀመጡ ናቸው፤ ከዚያ ከወጡ በኋላ ከካርቶናቸው ሳይወጡ በቤት ሙቀት የሚቈዩት እስከ 30 ቀን ብቻ ነው፤ በረዶ ከሆኑ ወይም በፀሐይ በተቃጠለ መኪና ውስጥ ካደሩ የሚጣሉ ናቸው። ኢንክሊሲራን ግን ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ሁለተኛ፣ መርፌው ለአንድ ጊዜ የሚሰጥ ስጦታ አይደለም፤ የሁለት ሳምንቱ መርፌ ሲቋረጥ ኤል ዲ ኤል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለሁለት ወር ልኮ ለመቋረጥ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ሦስተኛ፣ አባት በአገሩ የሚከታተለው ሐኪም ሳያውቅ ምንም አይላክ፤ ምናልባት የሚጐድለው መርፌ ሳይሆን በየዕለቱ የሚዋጠው ርካሹ ክኒን ሊሆን ይችላልና።

ለቤተ ሰብ የሚሰጥ ምክር

አሁን ወደዚያ ቤት ጭውውት እንመለስ። አባት 260 የነበረው ሰው ቢሆን፣ ክኒኑን በትጋት ወስዶ ወደ 130 ይወርዳል፤ መርፌው ቢጨመርለት ከ55 በታች ሊደርስ ይችላል። መርፌውን የማያገኝ ቢሆንም ስታቲንና ኢዜቲማይብ ተባብረው ወደ 104 ያህል ያደርሱታል። ከ260 እስከ 104 ያለው ርቀት ዕድሜ ነው። ስለዚህ የመርፌው መወደድ ተስፋ አስቈርጦ ክኒኑን ሊያስተው አይገባም፤ የሚበልጠውን ሲመኙ በእጅ ያለውን መጣል ጥበብ አይደለም።

በዚያ ቤት እስካሁን ያልተነሣ አንድ ጥያቄ ግን አለ። እርሱም «ልጆቹስ?» የሚለው ነው። አባት ኤል ዲ ኤሉ ከ190 በላይ ከሆነ፣ ወይም ከወንድሞቹ፣ ከአጎቶቹና ከአክስቶቹ በጎልማስነቱ ድንገት የሞተ ካለ፣ ወይም ከተረከዙ በላይ ባለው ጅማት ላይ እብጠት ከታየበት፣ በዐይኑ ጥቍረት ዙሪያ 45 ዓመት ሳይሞላው ነጭ ቀለበት ከወጣበት፣ ነገሩ የውርስ ሊሆን ስለሚችል ልጆቹ ሁሉ፣ ትንንሾቹም ሳይቀሩ፣ ደማቸውን ሊመረመሩ ይገባል። ውርሱ በልጅነት ከታወቀ ሕክምናው በጊዜ ተጀምሮ ልጁ እንደ ማንኛውም ሰው ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል።

በአገራችን የወገን ሞት ሲነገር «ድንገት ወደቀ» ይባልና ነገሩ በዚያ ይዘጋል። ምን ሆኖ ሞተ፣ ስንት ዓመቱ ነበር፣ ከእርሱ በፊትስ ከቤቱ ማን እንዲሁ ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አባቶችና እናቶች ርስታቸውንና ንብረታቸውን ለልጆቻቸው በምስክር ፊት ይናዘዛሉ። የደማቸውንም ነገር እንዲሁ ተቀምጠው ይንገሩ፤ ኮሌስትሮላቸው ስንት እንደ ነበረ፣ ማን በምን ሕመም እንደ ሞተ በወረቀት ጽፈው ይተዉላቸው። ይህ አንድ ብርም የማያስወጣ ነገር ነው። ከክኒኑም ከመርፌውም አስቀድሞ የአንድን ልጅ ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ሊሆን ይችላል።